አልታጠፍም ያለው ወረቀት

ተረት ልጀምር ነው። «ቀጥዪ» በሉኝ፤ ዓይን ዓይኔን ግን አትዩኝ፣ አፍራለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለባሌም አልነገርኩትም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተመረቅሁ መምህር ነኝ። «ልጅ ሆኜ ወረቀት አናግሮኛል» ብል ትልቅ ሰው ማን ይሰማኛል? እናንተ ግን ትንንሾች ናችሁ። ብትስቁም ቀስ ብላችሁ ሳቁ።

ደሴ ነው፣ ከጦሳ ተራራ ሥር። እናቴ ልትወልድ ጤና ጣቢያ ገብታለች፤ አባቴም እሷ ዘንድ ነው። ቤት የቀረነው እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ ምንቴ እና ከኮምቦልቻ የመጣችው አክስቴ ዘርፌ ነን። ምንቴ ከጠዋት ጀምሮ ያለቅሳል። ቢሰጡት አይበላም፣ ቢያዝሉት አይተኛም።

«በቃ!» አለች አክስቴ። «እናቱ መጥታ እንዲህ ካለቀሰባት አራስነቷ ምን ሊሆን ነው? ወደ ኮምቦልቻ ይዤው እሄዳለሁ።»

«እኔስ?»

«አንቺ ትምህርት አለሽ፤ እዚሁ ከአባትሽ ጋር ትቀሪያለሽ።»

«ምንቴ መቼ ይመለሳል?»

«ሲያድግ!» አለችና ሻንጣ ከአልጋ ሥር ጎተተች።

ሲያድግ! ወንድሜ እዚያ ሊያድግ ነው! እንባውን በቀሚሴ ጠረግሁለት። «ምን ላምጣልህ ዝም እንድትል?»

«ዘንዶ!» አለ። «የወረቀት ዘንዶ! በር ላይ ቆሞ እማዬ እስክትመጣ የሚጠብቀኝ!»

ደብተር ከለበድንበት ቡናማ ወረቀት የተረፈ ቁራጭ ነበረ። አነሣሁት።

«ወረቀት ወረቀት፣ ታጠፍልኝ፤ ዘንዶ ሁንልኝ» አልኩት።

«አልታጠፍም!» አለኝ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ አለኝ። «አንዴ ከታጠፍኩ ምልክቱ አይለቀኝም። ደግሞ ጣትሽ ሽሮ ነክቷል።»

ወረቀቱ አልታጠፍም አለ፤ ምንቴ ዝም አልልም አለ፤ አክስቴ ሻንጣ ውስጥ ልብስ ትጠቀጥቃለች።

ሮጥኩ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ሲራጅ የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰዋል።

«ጋሽ ሲራጅ፣ መቀስዎ ወረቀቱን ይቁረጥልኝ። አልታጠፍም ብሎኛል።»

«የኔ መቀስ?» ብለው ሳቁ። «ጨርቅ እንጂ ወረቀት አላስነካውም። ከፈለግሽ ራሱን ጠይቂው።»

«መቀስ መቀስ፣ ወረቀቱን ቁረጥልኝ።»

«አልቆርጥም!» አለ መቀሱ። «ወረቀት ያደነዝዘኛል። ነገ የሙሽራ ሱፍ አለብኝ።»

መቀሱ ወረቀቱን አልቆርጥም አለ፤ ወረቀቱ አልታጠፍም አለ፤ ምንቴ ዝም አልልም አለ፤ አክስቴ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ዚፑን ትጎትታለች።

ሮጥኩ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ወዳለው በርሜል።

«ውሃ ውሃ፣ መቀሱን አዝገው።»

«አላዝገውም!» አለ ውሃው። «ጋሽ ሲራጅ ለሶላት የሚታጠቡት በእኔ ነው። እሳቸውን ላስቀይም? ዞር በይ፣ አታደፍርሺኝ።»

ውሃው መቀሱን አላዝግም አለ፤ መቀሱ ወረቀቱን አልቆርጥም አለ፤ ወረቀቱ አልታጠፍም አለ፤ ምንቴ ዝም አልልም አለ፤ አክስቴ ጫማዋን ታጠልቃለች።

«አንዱ ጫማ የት ሄደ?» ስትል ይሰማኛል። ጫማውን የደበቅሁት እኔ ነበርኩ፤ ግን ወዲያው አገኘችው።

ቀና አልኩ። «ፀሐይ ፀሐይ፣ ውሃውን አድርቂው።»

«አላደርቀውም!» አለች ፀሐይ። «ደሴ ላይ የምወጣው ለቅምሻ ነው። በዚች ጊዜዬ የሰፈሩን ልብስ ላድርቅ ወይስ በርሜል ልጋግር?»

ፀሐይ ውሃውን አላደርቅም አለች፤ ውሃው መቀሱን አላዝግም አለ፤ መቀሱ ወረቀቱን አልቆርጥም አለ፤ ወረቀቱ አልታጠፍም አለ፤ ምንቴ ዝም አልልም አለ፤ አክስቴ ነጠላዋን ታጣፋለች።

ሮጥኩ፣ ዳገቱን። ጦሳ ላይ ደመናው ተጋድሟል።

«ደመና ደመና፣ ፀሐይዋን ሸፍናት!»

«አልሸፍናትም!» አለ ደመናው እያዛጋ። «ትናንት ብሸፍናት ልብስ ያሰጡት ሴቶች ሲረግሙኝ ዋሉ። ያንቺም እናት አለችበት።»

ደመናው ፀሐይዋን አልሸፍንም አለ፤ ፀሐይ ውሃውን አላደርቅም አለች፤ ውሃው መቀሱን አላዝግም አለ፤ መቀሱ ወረቀቱን አልቆርጥም አለ፤ ወረቀቱ አልታጠፍም አለ፤ ምንቴ ዝም አልልም አለ። ከታች ደግሞ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ የሚኒባሱ ረዳት ይጣራል። አክስቴ ምንቴን አዝላለች።

አሁን የቀረኝ አንድ ነበር።

«ነፋስ ነፋስ፣ ደመናውን አባርረው!»

«አላባርረውም!» አለ ነፋሱ። «እናንተ ሰፈር ለማን ብዬ? ብቅ ስል ‹ዝጉት! ዝጉት!› ነው። አሮጌ ጨርቅ በበሩ ሥር ትወትፉብኛላችሁ። አንድ ቀን ‹ግባ› ያለኝ ሰው አለ?»

አፈርኩ። ጨርቁን የምወትፈው እኔ ነኛ! ጮክ ብዬ መናገር ስለማልችል በሹክሹክታ «ግባ» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ግባ። ለምንቴ ዘንዶ ልሠራ ነው። አፍ አለው፣ ክንፍ አለው፤ ትንፋሽ ግን የለውም። ትንፋሹን አንተ ሁንለት።»

ነፋሱ ወደ እኔ ጠጋ አለ። ቅጠል እንኳ አልነቃነቀም።

«አፉ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው።»

«በሩስ?»

«እሱንም እከፍተዋለሁ።»

ያኔ ነፋሱ ዘልሎ ተነሣ! ነፋሱ ደመናውን ሊያባርር ሮጠ። ደመናው «ተው፣ እሸፍናታለሁ!» ብሎ ፀሐይዋን ሊሸፍን ሮጠ። ፀሐይ «ተው፣ አደርቀዋለሁ!» ብላ ውሃው ላይ አፈጠጠች። ውሃው «ተዪ፣ አዝገዋለሁ!» ብሎ ወደ መቀሱ ተንጠባጠበ። መቀሱ «ተው፣ እቆርጠዋለሁ!» ብሎ አፉን ከፈተ። ወረቀቱም በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠና «ኧረ ቆዩ! ማን አልታጠፍም አለ? እታጠፋለሁ!» አለ።

እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ ይነግረኛል፣ እኔ አጥፋለሁ።

«አንዱን ጥግ ከማዶኛው ጠርዝ ጋር አጋጥሚ። የተረፈውን በምራቅሽ አርሰሽ ቅደጂ፤ አራቱም ጎኔ እኩል ይሁን። አሁን ክፈቺኝ። መሐሌ ላይ መስመር አየሽ? ከመስመሩ አንድ ጫፍ የሚነሡትን ሁለት ጎኖች ወደ መስመሩ አምጪ። ገልብጪኝና በመስመሩ ለሁለት እጠፊኝ። ቀጭኑ ጫፍ አንገቴ ነው፣ ወደ ላይ! የአንገቴ ጫፍ ራሴ ነው፣ ወደ ታች! የጎኖቼን እጥፋት ወደ ውጭ ግለጪ፣ ክንፌ ነው።»

«አፍህስ?»

«የራሴን ጫፍ በትንሹ ቅደጂና ከንፈሮቼን ለያዪ። በጥፍርሽ እሺ፣ አታሳምሚኝ።»

ይዤው ወደ ቤት በረርኩ። አክስቴ ምንቴን አዝላ፣ ሻንጣ አንጠልጥላ ደጃፉ ላይ ደርሳለች። በእግሯ መካከል ሾልኬ ዘንዶዬን የበሩ ደፍ ላይ አቆምኩትና በሩን ብርግድ አደረግሁት።

ነፋሱ ገባ። እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ገባ። በዘንዶው አፍ ገብቶ «ፉ…ፉ…» አለ። ክንፎቹ ተንቀጠቀጡ፣ አንገቱ ቀና አለ።

ከአክስቴ ጀርባ ላይ ለቅሶው ቁርጥ አለ።

«ተነፈሰ!» አለ ምንቴ። «ዘንዶዬ ተነፈሰ!»

«ኧረ በሩን ዝጊ፣ ልጁን ብርድ—» ብላ አክስቴ እጇን ዘረጋች።

«አትዝጊው!» ብዬ ጮህኩ። እኔ፣ ስሜን ስጠየቅ እንኳ ድምፄ የማይሰማው ልጅ! አክስቴ ደንግጣ ቆመች። ያኔ ነው ለቅሶው መቆሙን ያስተዋለችው። ምንቴ በጀርባዋ ላይ ይስቅ ነበር።

«ኮምቦልቻ! ሴትዮዋ፣ ትሄጃለሽ አትሄጂም?» ሲል ረዳቱ ከታች ተጣራ።

አክስቴ ምንቴን አየችው። እኔን አየችኝ። ሻንጣዋን አስቀመጠች።

«ሂድ አንተ!» ብላ መለሰችለት። «እዚህ ዘንዶ የሚጠብቀው ልጅ አለኝ።»

ምንቴ ወረደ፣ ቁራሽ ዳቦ በላ፣ ወረቀቱ አጠገብም ተኛ። እናቴ አዲሷን እህታችንን ታቅፋ ስትመጣ ዘንዶው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አንድ ክንፉ በምንቴ ምራቅ ርሷል። ለእናቴ «እኔ ሠራሁት» አልኳት። ማን እንዳናገረኝ ግን አልነገርኳትም። ወረቀቱም አንድ ጊዜ ከታጠፈ በኋላ ዳግም አልተናገረም።

ዛሬም መምህራን ቢሮ ተቀምጠን ነፋስ በሩን ሲገፋው፣ ሁሉም «ዝጉት! ዝጉት!» ይላሉ። እኔ ወደ ሻዬ አጎንብሼ በሹክሹክታ «ግባ» እላለሁ። «ማንን ነው?» ሲሉኝ ፊቴ ይቀላል፤ ሻዬን ፉት እላለሁ። ለእናንተ ግን ይኸው ተናገርኩ።

ተረቴ እዚህ ላይ ይታጠፋል። እጠፉልኝ፤ አፉን ግን ክፍት ተዉት።