የስንሻው «ለጊዜው» እና አሥራ ሁለቱ እንቁላሎች

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረት ላም የለበትም፤ ያለበት ሽቦ፣ አምፖልና እንቁላል ነው። ተረት ነው ብላችሁም አትናቁት፤ እኔ ግማሽ ራሴን ተላጭቼ በሰፈሩ መሃል የሮጥኩበት ነው። ዝም ብላችሁ ስሙኝ። መሃል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው፣ ነገርኳችሁ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈራችን፣ ስንሻው የሚባል ሰው አለ። ሥራው መዝገብ ቤት ነው፤ ነፍሱ ግን ያለችው ሽቦ ላይ ነው። ቅዳሜ ሲደርስለት መበየጃውን ይሰካል፣ የአንዱን ሬዲዮ ይፈታል፣ የሌላውን ስልክ ይገጥማል። እጁ የተባረከ ነው፣ ውለታ ቢስ አልሆንም። ግን አንድ አመል አለበት። ያንተን ለመጠገን የኔን ይነቅላል፣ የኔን ለመጠገን ደግሞ የጎረቤቴን ይነቅላል። ለምን ነቀልክ ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «ለጊዜው ነው» ይላል። ያ ጊዜ መቼ እንደሚያልቅ እሱም አያውቀውም። እንዲያው ሰፈራችን በሙሉ የቆመው ለጊዜው ነው ብል አላጋነንኩም።

የስንሻው ጎረቤት ወይዘሮ አትጠገብ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በዶሮ ነው። ከዶሮዎቻቸው የቀረችው አንዲት ገብስማ ነበረች። እሷም አሥራ ሁለት እንቁላል ታቅፋ ሳለ ሸለምጥማጥ ገብቶ በላት። እንቁላሎቹ ገና ለብ እንዳሉ ወይዘሮ አትጠገብ በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ስንሻው ሮጡ። እሱም በዚያው ከሰዓት በኋላ ሳጥን ሠራላቸው። የመኪና አምፖል አስገባበት፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ከአሮጌ ካውያ ነቅሎ ገጠመለት፣ ሙቀቱን እንዲያዞር ትንሽ የኮምፒውተር ፋን ጨመረበት። ሳጥኑ እናት ሆነ። ወይዘሮ አትጠገብ እንቁላሎቹን በየቀኑ እያገላበጡ ቀን ይቆጥሩ ጀመር። እነዚህ ካልተፈለፈሉ ቤታቸው ውስጥ አንድም ዶሮ የለም፣ ዶሮ ከሌለ ደግሞ ኑሮ የለም።

ሃያ አንደኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። ረፋድ ላይ አንዷ እንቁላል ጢቅ አለች፣ ተሰነጠቀች፣ ከውስጧም ጪው ጪው የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ አትጠገብ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ መብራት ሄደ። በኛ ሰፈር መብራት ይሄዳል ነው የሚባለው፤ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም፣ ሲመጣም ቀጠሮ አያስይዝም።

ጫጩቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ሙቀት። ግን አምፖሉ አልበራ አለ፣ ሳጥኑ አልሞቅ አለ፣ ጫጩቷም አልወጣ አለች። ከሰል እንዳይጠጋ ጭሱ ያፍናቸዋል። ስንሻው ሳጥኑን በጋቢ ጠቀለለውና ይሄ ሙቀት ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው የሚቆየው አለ። አምፖሉን በባትሪ ማብራት ይቻላል፤ የራሱ ባትሪ ግን ከሞተ ቆይቷል።

ባትሪ ያለው ፀጉር አስተካካዩ ይበልጣል ነው። እኔ በዚያን ሰዓት ወንበሩ ላይ ነበርኩ። ፎጣው አንገቴ ላይ ነው፣ ቶንዶሱ ግራ ጎኔን ጨርሶ ወደ አናቴ እየወጣ ነው። ስንሻው ላብ አጥምቆት ገባ፤ ባትሪውን እንዲሰጠው ለመነ፣ ለጊዜው ብቻ አለ። ይበልጣል ቶንዶሱን አጠፋና አየው።

«ሁሉን ነገር ስትነቅል ‹ለጊዜው› የምትለውን ቃል ከምላስህ ላይ ብትነቅልልኝ ምን ነበረበት?» አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይበልጣል ደህና ጀነሬተር ነበረው። ስንሻው ማብሪያውን ለጊዜው ብሎ ነቀለበት፣ ጀነሬተሩ ጥግ ይዞ ተኛ፣ ቶንዶሱም በባትሪ መኖር ጀመረ። ማብሪያዬን አምጣ፣ ጀነሬተሬን ላስነሳ፣ ያኔ ባትሪውን ውሰድ አለ። እንግዲህ ይበልጣል ባትሪ አልለቅም አለ፣ አምፖሉ አልበራ አለ፣ ሳጥኑ አልሞቅ አለ፣ ጫጩቷም አልወጣ አለች። ስንሻው ወጥቶ ሮጠ። እኔም ፎጣዬን እንደለበስኩ ተከተልኩት። ምን ላድርግ፣ አንዲት ጫጩት ቅርፊት ውስጥ ሆና እየጠበቀች ወንበር ላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

ማብሪያው ያለው ልብስ ሰፊዋ ጥሩወርቅ ዘንድ ነው። ጥሩወርቅ ድሮ መኪናዋን በእግሯ ነበር የምታዞረው። ስንሻው በዚህ ዘመን በእግር መስፋት ምንድነው ብሎ የመርገጫውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ፈታና ሞተር ገጠመላት፣ ሞተሩንም የምታበራበትን ማብሪያ ከይበልጣል አምጥቶ ሰካላት። አሁን መብራት ሲኖር ትበራለች፣ መብራት ሲሄድ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ስንደርስም እጇን አጣጥፋ ነበር፤ የሦስት ሚዜዎች ቀሚስ ለነገ ሠርግ ግማሹ ተሰፍቶ ግማሹ ጉልበቷ ላይ ነው። ማብሪያውን ብሰጥህ መብራት ሲመጣ በምን ልሰፋ ነው አለችው። ቺንጋዬን አምጣልኝና በእግሬ ልስፋ፣ ያኔ ማብሪያህን ንቀል።

እንግዲህ ጥሩወርቅ ማብሪያ አልሰጥም አለች፣ ይበልጣል ባትሪ አልለቅም አለ፣ አምፖሉ አልበራ አለ፣ ሳጥኑ አልሞቅ አለ፣ ጫጩቷም አልወጣ አለች። እኛም ሮጥን። በመንገዳችን ያየን ሁሉ ግማሽ ራሴን እያየ ይስቃል፤ ሳቁበት፣ ጊዜ የለኝም።

ቺንጋው ያለው ቢላ የሚስሉት ጋሽ ሞላልኝ ዘንድ ነው። ጋሽ ሞላልኝ አንዲት የቆመች ብስክሌት አለቻቸው፤ እሳቸው ፔዳሉን ሲረግጡ መሳያ ድንጋዩ ይዞራል። ይህንን የፈጠረላቸው ስንሻው ነው፣ እውነት ለመናገር ግሩም ሥራ ነው። ኋላ ግን ካቴናዋን፣ ማለት የብስክሌቷን ሰንሰለት፣ ፈትቶ ወሰደና በምትኩ የጥሩወርቅን ቺንጋ አሰረላቸው። ቺንጋው ሲሞቅ ይንሸራተታል። ስንደርስ ሥጋ ቤቱ የላከው አሥር ቢላ ፊታቸው ተደርድሯል፣ እሳቸው በአንዱ እግራቸው ይረግጣሉ፣ በአንድ እጃቸው ቺንጋውን እየገፉ ይመልሳሉ። ስለ ጫጩቷ ሲሰሙ አዘኑ። ቢሆንም ይቺን ከፈታህብኝ ነገ የሠርጉ ሥጋ በምን ሊቆረጥ ነው አሉ። ካቴናዬን ካመጣህ ግን ቺንጋው ያንተ ነው።

እንግዲህ ጋሽ ሞላልኝ ቺንጋ አልፈታም አሉ፣ ጥሩወርቅ ማብሪያ አልሰጥም አለች፣ ይበልጣል ባትሪ አልለቅም አለ፣ አምፖሉ አልበራ አለ፣ ሳጥኑ አልሞቅ አለ፣ ጫጩቷም አልወጣ አለች። ስንሻው ሰዓቱን አየ። ግማሽ ሰዓት ሄዷል።

ካቴናው ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሰናይት ዘንድ ነው። የበሯ ቁልፍ ሲሰበር ስንሻው ካቴናውን በእጀታው አዙሮ ጓጉንቸር አንጠለጠለበት፣ ለጊዜው። ሰናይት በተዘጋው በሯ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ስንሻው ገና አፉን ሳይከፍት እሷ ጀመረች። ጋሼ፣ ካቴናውን ውሰደው፣ እኔ ምን ይሠራልኛል፣ ግን መጀመሪያ የነቀልከውን ፋን መልስልኝ አለችው። ፋኑ ከተነቀለ ጀምሮ ኮምፒውተሯ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ይግልና ይሞታል። መብራት መጥቶ ኮምፒውተሬ ከሠራ ቀኑን ሙሉ ደጄ ላይ ነኝ፣ የበሬ ቁልፍ እኔው ራሴ ነኝ፣ ለማታውም ሠርቼ ቁልፍ እገዛለሁ አለች።

እኔ ደስ አለኝ። አንዲት ፋን ናት የቀረችን፣ በቃ ተገላገልን አልኩ። ስንሻውን ፋኑ የት ነው ያለው ብዬ ስጠይቀው ግን ወደ ወይዘሮ አትጠገብ ቤት በጣቱ አመለከተ።

«ሳጥኑ ውስጥ» አለ።

እዚያው መንገዱ ላይ ቆምን። ሰናይት ካቴና አልሰጥም አለች፣ ጋሽ ሞላልኝ ቺንጋ አልፈታም አሉ፣ ጥሩወርቅ ማብሪያ አልሰጥም አለች፣ ይበልጣል ባትሪ አልለቅም አለ፣ አምፖሉ አልበራ አለ፣ ሳጥኑ አልሞቅ አለ፣ ጫጩቷም አልወጣ አለች፤ የሁሉም መፍቻ ደግሞ ያለው እዚያው ጫጩቷ ያለችበት ሳጥን ውስጥ ነው። ፋኑን ለማውጣት ሳጥኑ መከፈት አለበት። ሳጥኑ ከተከፈተ የቀረችው ሙቀት በአንድ ጊዜ ትወጣለች።

ወደ ወይዘሮ አትጠገብ ቤት ስንመለስ ስንሻው መሮጡን ትቶ ነበር። ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ በጋቢ አቅፈው አገኘናቸው። ጪው ጪው የሚለው ድምፅ ደክሟል። ስንሻው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና ሁሉንም ነገራቸው። ፋኑን ከሰናይት ነቅዬ ነው፣ ካቴናውን ከጋሽ ሞላልኝ ነቅዬ ነው፣ ቺንጋውን ከጥሩወርቅ ነቅዬ ነው፣ ማብሪያውን ከይበልጣል ነቅዬ ነው፣ እርስዎን የጎዳዎት መብራቱ ሳይሆን እኔ ነኝ አላቸው። አፍሮ ቀና ማለት አልቻለም። እኔም አዘንኩለት፣ ንዴቴም አልወጣልኝም፣ ሁለቱም አብረው ያዙኝ።

ወይዘሮ አትጠገብ አልተቆጡም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ገብስማዬ ፋን ነበራት?»

«አልነበራትም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ክፈተው። ባትሪውን ይዘህ እስክትመጣ እኔ እታቀፋቸዋለሁ።»

ብለውም አልቀሩ። መደባቸው ላይ ጋደም አሉ፣ አሥራ ሁለቱን እንቁላል አንድ በአንድ በነጠላ ጠቅልለን ጉያቸው ውስጥ አስገባንላቸው፣ በላያቸው ላይ ጋቢውን ደረብን። እንዳልነቃነቅ አታናግሩኝ አሉን። ስንሻው ሁለቱን ብሎን ፈትቶ ፋኑን አወጣ፣ እንደ አዲስ ሰው ተነስቶም ተፈተለከ።

አሁን ነው ማየት! ፋኑ ለሰናይት ተመለሰ፣ ሰናይት ካቴናውን ፈታች። ካቴናው ለጋሽ ሞላልኝ ተመለሰ፣ ጋሽ ሞላልኝ ቺንጋውን ፈቱ፣ እግዜር ይባርክህ ልጄ ብለው መረቁት። ቺንጋው ለጥሩወርቅ ተመለሰ፣ ጥሩወርቅ እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈች፣ መኪናዋ ተንጫጫ፣ ማብሪያውን ራሷ ነቅላ እጁ ላይ አኖረችለት። ማብሪያው ለይበልጣል ተመለሰ፤ ጀነሬተሩ አንዴ ተሳበ፣ እምቢ አለ፣ ሁለተኛ ተሳበ፣ አሳለ፣ በሦስተኛው ድድድድ ብሎ ተነሳ። ይበልጣል ሳያስበው ሳቀ፣ ባትሪውንም ለቀቀ። ና ቁጭ በል ልጨርስህ ሲለኝ እኔ የባትሪውን አንድ ጆሮ ይዣለሁ፣ ስንሻው ሌላውን ይዟል፣ ወጥተናል።

ስንደርስ ወይዘሮ አትጠገብ እንደተጋደሙ ነው፣ ጣታቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ስንሻው ሁለቱን ሽቦ ከባትሪው ጋር አገናኘ። አምፖሉ በራ። እንቁላሎቹን አስገብተን ክዳኑን ዘጋን፤ ሳጥኑም ቀስ እያለ ሞቀ። ጫጩቷ ግን ድምፅ የላትም። ጠበቅን፣ ዝም። ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ፣ ዝም። ስንሻው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወይዘሮ አትጠገብ እጁን ያዙት። ተው ልጄ፣ ቅድም ጎኔ ላይ ስትገፋኝ ነበር አሉት።

አፋቸውን ሳይዘጉ ጢቅ የሚል ድምፅ ሰማን። በሳጥኑ ክዳን ላይ ባለችው መስታወት ስናይ ቅርፊቱ ለሁለት ተከፈለ፤ እርጥብ፣ ቀጭን፣ አንገቷን መሸከም ያቃታት አንዲት ጫጩት ወጥታ ተዘረረች። ከዚያ ሌላው እንቁላል ጢቅ አለ፣ ከዚያ ሌላው። እልልታው ከኔ ነው የጀመረው፣ አላፍርበትም። እስኪመሽ አሥራ አንዱ ወጡ። አንዱ ቀረ፤ ወይዘሮ አትጠገብ እሱን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ለብቻው አኖሩት። ስንሻው እንደ ልጅ አለቀሰ።

የመጀመሪያዋ ስትደርቅ ገብስማ ሆና አረፈችው። ወይዘሮ አትጠገብ መዳፋቸው ላይ አስቀመጧትና ባትሪው ደግሞ የማን ነው ብለው ጠየቁት። ስንሻው የይበልጣል መሆኑን ነገራቸው፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ በጄ እመልሰዋለሁ ብሎም ሰዓቱን ቆረጠ። መልሶታል ደግሞ፣ ይበልጣል ሱቁን ሳይከፍት ስንሻው ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ያን ዕለት ግን ወይዘሮ አትጠገብ ጫጩቷን ወደ ደረታቸው ሸሸግ አድርገው በጎን አዩት።

«ይቺን እንዳትነቅልብኝ» አሉት።

ተረቴን መልሱ፤ የተዋሳችሁት ዕቃ ቤታችሁ ካለም አብራችሁ መልሱ።