ቆሎ የተጠቀለለባት መጽሔት

ተረት ልጀምር ነው። «ከዚያስ?» የማይለኝ ካለ ከአሁኑ ይነሳና ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ። ድሮ ድሮ ነው እንዳልላችሁ፣ ስልክ ያለበት ተረት እንዴት ድሮ ይሆናል ብላችሁ ታፋጥጡኛላችሁ። ትናንት ነው እንዳልላችሁ፣ ትናንት እናንተም ስለነበራችሁ ባያችሁት ነበር። እንግዲያው በመካከሉ ካሉት ቀኖች በአንዱ ነው በሉልኝ።

በአራዊት ከተማ፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር፣ የእመት ጦጢት ሱቅ ነበረች። እመት ጦጢት መጽሔት ታከራይ ነበር። ማንበብ ያማረው እፍኝ ሽምብራ ይሰጣትና መጽሔቱን ተቀብሎ ዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ አንብቦ ይመልሳል። ፊደል ያልቆጠረው ደግሞ ከሚያነበው አጠገብ ይቀመጣል። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌሎቹ ጆሯቸውን ይሰጣሉ። አንባቢው ገጽ ለመግለጥ ጣቱን ምራቅ ሲያስነካ፣ ሁሉም ባንድ አፍ «ከዚያስ?» ይላሉ። መጽሔቶች ይህችን ቃል እንደ ምግብ ይወዷታል።

ከዚያ ስልክ መጣ። አራዊቱ አሁንም ዋርካው ሥር ይቀመጣሉ፣ ግን ሁሉም በየመዳፋቸው ላይ አቀርቅረው ነው። ጅብ ለብቻው ይስቃል፣ ፍየል ለብቻዋ ትስቃለች። ምን እንዳሳቃቸው የሚጠይቅ የለም።

ማተሚያ ቤት የነበረው ዝሆን ለጊዜው ታገሠ። በየሳምንቱ ያትም የነበረውን በየወሩ አደረገው። ወረቀት ተወደደበት፣ ገዢ ጠፋበት። በመጨረሻ የቀረችውን ወረቀት አሟጦ አንድ እትም አወጣና ማሽኑን ሸጦ ወደ እርሻው ገባ። ያንን የመጨረሻ እትም ደግሞ መጋዘን እንዳለ ምስጥ ገባበት። ከጥቅሉ መካከል የነበረች አንዲት መጽሔት ብቻ ተርፋ የእመት ጦጢት መደርደሪያ ላይ ደረሰች። የኔ ተረት የእሷ ነው።

መጽሔት ቀለሟ ገና አልለቀቃትም ነበር። ሆዷ ውስጥ ሦስት ገጽ የያዘ ታሪክ አለ፤ ልጇን ጎርፍ የወሰደባት የአንዲት ድኩላ ታሪክ። መጽሔት ሌላ ምኞት አልነበራትም። አንድ ፍጡር ይህን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብብላት፣ እሷም «ከዚያስ?» ሲባል አንድ ጊዜ በጆሮዋ ትስማ። እህቶቿን ምስጥ በልቷቸዋል፣ ዝሆንም ሌላ አያትምም። ሳትነበብ ከቀረች ታሪኩም አብሮ መቅረቱ ነው።

ጠበቀች። አቧራ ለበሰች። ጠበቀች። እመት ጦጢት በበኩሏ ልጆች አሏት፣ ልጆች ደግሞ ይበላሉ። ስለዚህ ቆሎ መሸጥ ጀመረች፣ ስልክም ቻርጅ ታደርግ ጀመር። አንድ ቀን መደርደሪያውን ስትወለውል መጽሔትን አነሳቻት።

«ስሚኝማ እህቴ» አለቻት። «ጠልቼሽ አይደለም። ቦታ ጠበበኝ፣ የቆሎ መጠቅለያም አጣሁ። እስከ ገበያ ቀን አንድ እንኳ እስከ መጨረሻው ያነበበሽ ከተገኘ እዚሁ ትኖሪያለሽ። ካልተገኘ ግን እቀድሻለሁ።»

መጽሔት አልተከራከረችም። የእመት ጦጢትን ልጆች አይታቸዋለች፣ ሆዳቸው ሲጮህም ሰምታለች። ብቻ ፈራች።

መጀመሪያ አያ ጅቦ መጣ። ሽፋኗ ላይ ያለው ሥዕል ደስ አለው፣ ሽምብራውን ሰጥቶ ወሰዳት፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ርዕሱን አነበበ። መጽሔት ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ያኔ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጢን አለ። ማን እንደሆነ ልየው ብሎ አወጣው፤ አንድ ነብር ከዛፍ ሲወድቅ የሚያሳይ ነገር ተልኮለታል። ሳቀ። ከሥሩ ሌላ ነብር ሌላ ዛፍ ላይ ነበር። መጽሔትን ድንጋዩ ላይ ደፍቷት እየሳቀ ሄደ።

ቀጥላ ፍየል መጣች። መጽሔት የምትባለውን ነገር ከጥንትም እወዳታለሁ አለች። ብብቷ ሥር ይዛት ወደ ሜዳ ስትወጣ መጽሔት ተስፋ አደረገች። ሜዳው ላይ ደርሰው ፍየል ሣሩን ብትዳብሰው ጤዛ አለው። መጽሔትን ዘረጋቻትና ተቀመጠችባት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ በስልኳ ስታወራ ዋለች። በዚያን ቀን መጽሔት ያየችው የፍየልን ጭራ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ጥንቸል መጣች። ጥንቸል የምታነበው ከኋላ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ስትገልጥ የጆሮ ቅባት ማስታወቂያ አየች። የድኩላዋ ታሪክ መጨረሻ ከማስታወቂያው ሥር ነበር፣ እሱ ግን አልታያትም። ስለ ጆሮዋ የማትሆነው የላትም። ስልኳን አውጥታ ገጹን ፎቶ አነሳችው።

«ቤቴ ገብቼ ተረጋግቼ አነበዋለሁ» ብላ መጽሔትን ለእመት ጦጢት መለሰች።

ይህን ቃል እናንተም ታውቁታላችሁ። አትሳቁ፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ጥንቸል ስልኳ ደክሞ ስለነበር ቻርጅ እንዲደረግላት ትታው ሄደች። እመት ጦጢት ስልኩን ከመጽሔት አጠገብ አስቀመጠችው። መጽሔት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስልኩ ትንሽ ጉልበት ሲያገኝ በትሕትና ሰላምታ ሰጣት። እሷም የያዘችውን ሁሉ ዘረገፈችበት፤ ቤቴን አፈረስክ፣ ወገኔን ጨረስክ፣ አንባቢዬን ነጠቅክ አለችው። ስልኩ እስክትጨርስ አዳመጣት።

«እትዬ መጽሔት» አላት በመጨረሻ። «የነጠቅኩዎትን አንባቢ ያገኘሁት ይመስልዎታል? ሆዴ ውስጥ ስንት ገጽ እንዳለ ቢያዩ ያዝኑልኛል። ጥንቸል ሁሉንም ‹በኋላ አነበዋለሁ› እያለች ነው ያነሳቻቸው። ጣት ይበዛብኛል፣ ዓይን ግን አይቆይብኝም።»

መጽሔት ተናዳ እንደነበር ረስታ አዘነችለት። የተጣላችውን ስልክ የእሷኑ በሽታ ታምሞ አገኘችው። ጥንቸል መጥታ እስክትወስደው ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

የገበያ ቀን መጣ። የሚያነባት አልመጣም። እመት ጦጢት መጽሔትን ከመደርደሪያው አወረደቻት። ይቅር በይኝ አለቻት፣ ከልቧ ነበር። ከዚያ ገጽ በገጽ ቀደደቻት። እያንዳንዱን ገጽ እንደ ቀንድ ጠቅልላ ትኩስ ቆሎ ሞላችበት። መጽሔት በየቁራጯ አመማት። ታሪኩ ከእንግዲህ የሚገጣጠም አልመሰላትም።

የድኩላዋ ታሪክ መጀመሪያ የተጻፈበትን ገጽ አያ ጅቦ ገዛው። መካከለኛው ለጥንቸል ደረሳት። መጨረሻው ለፍየል። ሦስቱም ዋርካው ሥር ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥሙ ጀመር።

አያ ጅቦ ስልኩን ለማውጣት አስቦ ነበር። አንድ እጁ ግን ቆሎ ይዟል፣ ሌላው ጨው ነክቶታል። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቢያጣ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ድኩላዋ ልጇን ታጥባለች። ጎርፍ ይመጣል። ልጁን ይወስደዋል። አያ ጅቦ መቆርጠሙን አቆመ። ድኩላዋ ወንዙን ተከትላ ትወርዳለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች፣ ከአንድ ሽማግሌ ኤሊ ዘንድ ትደርሳለች። ኤሊው ቀና ብሎ ያያትና… እዚህ ላይ ገጹ አለቀ። አያ ጅቦ ወረቀቱን ገለበጠው። በጀርባው የሳሙና ማስታወቂያ ነበር።

«ከዚያስ?» አለ ለማንም ሳይሆን።

የመጽሔት ቁራጮች ሁሉ፣ ቆሎአቸው ያለቀውም ያላለቀውም፣ በየእጁ ውስጥ ሆነው ይህን ሰሙ።

ጥንቸል ምን ሆነሃል አለችው። ጎርፉንና ኤሊውን ነገራት። የእሷን መጠቅለያ ብታየው ኤሊ የሚል ቃል አለበት። የቀረውን ቆሎ ጉንጯ ውስጥ ከታ ወረቀቱን ዘረጋችና ጮክ ብላ አነበበችለት። ኤሊው ልጁን አይቶታል፣ ወንዙ ግን ይዞት አልፏል። ድኩላዋ ዓመታት ተጓዘች። ጠጉሯ ሸበተ። ወንዙ ከሚያበቃበት ስትደርስ አንዲት ጎጆ አየች፣ በሩን አንኳኳች። «ማነው?» የሚል ድምፅ ሰማች። ድምፁን… ይህም ገጽ አለቀ።

«ከዚያስ?» አሉ ሁለቱም ባንድ ላይ፣ ወደ ፍየል ዞረው።

ፍየል አፏ ሙሉ ነበር። ቆሎውን ጨርሳለች፣ መጠቅለያውንም ጨርሳለች። ጨው ጨው ይላል አለች በሐፍረት።

አያ ጅቦ ተቆጣ። ዛሬ ፍየል የማልበላ እንዳይመስልሽ አላት። እመት ጦጢት ሮጣ መጥታ መሃላቸው ገባች። ዝሆንን እንጠይቀው ቢሉ ዝሆን ሌላ ቅጂ የለውም። ስልክ እንጠይቅ ብለው አያ ጅቦ የራሱን ቢጠይቀው ነብሩን መልሶ አሳየው። አያ ጅቦ ከተወለደ ጀምሮ አንድን ነገር እንዲህ ማወቅ ፈልጎ አያውቅም ነበር፤ ቁጭ ብሎ ወረቀቱን እያጣጠፈ ይዘረጋ ጀመር።

ያኔ የጥንቸል ስልክ ከኪሷ ውስጥ ድምፁን አሰማ።

«እኔ ጋ አለ» አለ። «የጆሮ ቅባቱን ክፈቺው።»

ጥንቸል ረስታው ነበር። ፎቶዎቿን ገፋች፣ ገፋች፣ ገፋች። ቅባቱ ተገኘ። ከሥሩ ያሉትን ጥቃቅን ፊደሎች በሁለት ጣቷ አስፍታ አነበበች።

«…የምታውቀው መሰላት። በሩን የከፈተላት አንድ ጎልማሳ ድኩላ ነው። አላወቃትም። ውሃ ስጠኝ አለችው፣ በቅል ሰጣት። ብቻህን ነው የምትኖረው? አለችው። ‹ለጊዜው ነው› አላት። ‹እናቴ ከወንዙ ራስ ናት። ወንዙን ተከትላ መምጣቷ አይቀርም ብዬ ከዚህ ርቄ አላውቅም።› እናትየዋ ቅሉን መሬት አስቀመጠች። ‹እንግዲያው በሩን ዝጋው› አለችው። ‹ገብቻለሁ።›»

አያ ጅቦ ዓይኑን ጠረገ። ቆሎው ላይ በርበሬ ነበረበት አለ። አልነበረበትም።

እመት ጦጢት ሁለቱን የተረፉ ገጾች ከእጃቸው ተቀበለች። ጨዋቸውን ጠርጋ በሊጥ አድርጋ ሱቋ በር ላይ ለጠፈቻቸው። ለሦስተኛው ገጽ የሚሆን ቦታ ባዶውን ተወችለት። ከዚያ ወደ ፍየል ዞረች።

«የበላሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። «ስለዚህ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ጥንቸል ታንብብልሽ፣ አንቺ በቃልሽ ያዢው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ከዚህ በር አጠገብ ትገኛለሽ።»

ፍየል ፍርዱን ተቀበለች። ጥንቸል እስክትሰለች ድረስ ደጋግማ አስነበበቻት፣ ያዘችውም። በሕይወቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያወቀችው ጽሑፍ ይኸው ነው።

ዝሆን ማተሚያ ቤቱን መልሶ ከፈተ ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ አልከፈተም። መጽሔትም መደርደሪያዋ ላይ አልተመለሰችም። ግን በገበያ ቀን ሱቁ በር ላይ የሚቆም አይጠፋም። ቆሎ ሊገዛ መጥቶ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ይወድቃል፣ ያነባል፣ «ድምፁን» ከሚለው ላይ ይደርስና ባዶው ቦታ ላይ ይቆማል። ዙሪያውን ያያል። «ከዚያስ?» ይላል። ፍየል ማመንዠኳን ታቆምና ትነግረዋለች። አንዳንዴ ትንሽ ትጨምርበታለች። መጽሔት በሩ ላይ ሆና ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ ታልፋታለች። ደስ ብሏታል።

ጥንቸልም በየገበያው ቀን ከስልኳ ሆድ አንድ የተረሳ ገጽ እያወጣች ዋርካው ሥር ጮክ ብላ ታነባለች። ስልኩ በሱቁ በር ሲያልፍ ለመጽሔት ሰላምታ ይሰጣል። «እትዬ፣ ዛሬም ዓይን ቆየብኝ» ይላታል።

ወረቀት ይቀደዳል፣ ስልክም ባትሪው ያልቃል፤ የሁለቱም ወግ ነው። ታሪክ የሚሞተው «ከዚያስ?» የሚል ሲጠፋ ነው።

የኔ እዚህ ላይ በቃኝ። ከመካከላችሁ አንዱ «ከዚያስ?» ሊለኝ አፉን ሲከፍት አይቼዋለሁ። ሄዶ ፍየልን ይጠይቅ።