እሳቷ የማይጠፋው ጂፕ

አንድ እሽቅድድም የሚወድ ሰው ነበረ። ስሙ ምንዳዬ ነው። የሚኖረው በረሃ አፋፍ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ አገር ክረምት ሲወጣ ጂፕ ያለው ሁሉ ይሰበሰብና ጥቁሩን የድንጋይ ሜዳ አቋርጦ እስከ ደረቁ ወንዝ ማዶ ይሽቀዳደማል። የምንዳዬ ጂፕ አሮጌ ናት፤ ጉልበቷ ግን የበሬ ነው። ክፋቱ አንድ አመል ነበረባት።

መንገዱ መሃል ላይ ገደል አለ። ሰው ዝምተኛው ይለዋል። ሌላ ገደል ስምህን ብትጠራበት መልሶ ይጠራሃል፤ ይሄ ውጦ ያስቀረዋል። ድንጋይ ቢለቁበት እንኳ ሲያርፍ አይሰማም። መንገዱ ደግሞ እዚያ ጋ ሲደርስ ወደ ገደሉ ያዘነብላል። ጂፒቱ ሌላ ቦታ ስትበር ትቆይና ልክ እዚያ ጥምዝ ላይ ስትደርስ ትስላለች፤ እሳቷ ጥፍት ይላል፤ ማርሽ ውስጥ እንዳለች ቀጥ ትላለች።

ያኔ ምንዳዬ ይወርዳል። ኮፋኖውን ከፍቶ፣ ከኪሱ የክብሪት ቀፎ አውጥቶ፣ በመጫሪያው በኩል ፑንቲናዋን ፈተግ ፈተግ ያደርጋታል፤ ያቺን እሳት የምታቀብለውን ትንሽ ብረት ማለቴ ነው። ከዚያ ቀና ይልና የመንገዱን ዳር ዳር ቃኝቶ ይነሳል። እስከዚያ ሌሎቹ አቧራቸውን አልብሰውት ሄደዋል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው።

ሽመክት የሚባለው ተፎካካሪው ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያሾፍበታል። «ዘንድሮም ክብሪትህን ይዘሃል አይደል? እኛ አሸንፈን ስንመለስ እሳት አንድደህ ጠብቀን» ይለዋል። ይሄስ ይሁን፤ የምንዳዬን ልጅ ሰፈር ውስጥ «የክብሪቱ ልጅ» ማለት ተጀመረ። ልጅቷ አንድ ቀን እያለቀሰች ገባች። አባት አንጀቱ አልቻለም።

ወደ መካኒኩ ወደ ጋሽ ኬረዲን ሄደ። «ያ አዲሱ ማቀጣጠያ ይገጠምልኝ» አለው። «ኤሌክትሮኒኩ። ፑንቲና የሌለው፣ የማይፈተገው፣ የማይጠፋው።»

ጋሽ ኬረዲን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «መግጠሙን እገጥመዋለሁ» አለ። «ግን ይቺ መኪና እኔ ጋ ጠፍታ አታውቅም። ገበያ ስትወስዳት አትጠፋም፤ ዳገት ላይ አትጠፋም። እዚያ ብቻ ነው። መጀመሪያ እዚያ ለምን እንደምትቆም እወቅ።»

«ጋሽ ኬረዲን፣ መካኒክ ነዎት ወይስ ጠንቋይ?»

«መካኒክማ መካኒክ ነኝ። ለዚህ ነው ያላወቅኩትን አላወቅኩም የምልህ።»

አጥር ለአጥር የሚኖር ሰው ምን ይደበቀዋል፤ ማታ ምንዳዬ ቤት ውስጥ የተባለውም ተሰምቷል። ሚስቱ ብርቄ፣ «ስትሄድ ደጅ ቆሜ ድምጿን እሰማለሁ» አለችው። «እዚያ ስትደርስ ጸጥ ትላለች። እኔም የምተነፍሰው ያን ጊዜ ነው።»

«እንድዘገይ ነው እንዴ የምትጸልዪው?»

«እንድትመለስ ነው።»

እሱ ግን የልጁ እንባ ዓይኑ ላይ ነበረ። አስገጠመው።

ውድድሩ ነገ ሊሆን ዛሬ ጠዋት ለሙከራ ወጣ። ሽመክትና ሌሎቹም ከኋላ ከኋላ ሊከተሉ ተዘጋጅተዋል። ብርቄ ደጅ ቆማ ጆሮዋን ሰጠች። ድምፁ ራቀ፤ ገደሉ ጋ ደረሰ፤ አልጠፋም። ደፉ ላይ ተቀመጠች።

እዚያ ጂፒቱ አልሳለችም። የምንዳዬ እግር ግን የዓመታት ልማዱ ነውና ራሱ ፍሬን ረገጠ። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ወረደ። የእጅ ፍሬን አልሳበም፤ ስቦም አያውቅ። ድሮ እሳቷ ሲጠፋ ማርሹ ራሱ ይይዛት ስለነበር እዚያ ቦታ የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር ትዝ ብሎት አያውቅም። የክብሪት ቀፎውን አወጣ። የሚፈተግ ነገር እንደሌለ ትዝ ሲለው በራሱ ሳቀ። እንደ ልማዱም ቀና አለ።

መንገዱ የለም። የክረምቱ ጎርፍ በልቶታል። የዓምናው የጎማ ፋና እስከ ጫፉ ሄዶ፣ አየር ላይ ተቆርጧል።

ከኋላው ጠጠር ሲፈጭ ሰማ። ዞረ። ጂፒቱ ቀስ ብላ እየመጣች ነው። ወንበሩ ላይ ማንም የለም፤ መሪው ግን ጥቂት ዞር አለ። ምንዳዬ ወደ ጎን ሸሸ። እጁን ቢዘረጋ በሩን ነካው፤ በሩ ይንቀጠቀጣል። እንደማታውቀው ሰው አጠገቡ አለፈችና ጫፉን ተሻገረች።

ስትወድቅ ድምፅ አልነበረም። ዝምተኛው ነዋ። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ ድምፅ መልሶ የማያውቀው ገደል፣ ከሥር አንድ ድምፅ አወጣ፤ የሞተር ድምፅ፣ የተረጋጋ፣ የማይጠፋ።

ምንዳዬ የሌሎቹን መምጣት ሲሰማ እጁን ዘርግቶ መሃል መንገድ ቆመ። ሽመክት ሊገጨው ጥቂት ሲቀረው ፍሬን ያዘ።

«ምነው፣ ክብሪቱ አለቀብህ?»

«ውረድ።»

«መኪናህስ የታለች?»

«ቀደመችኝ» አለ ምንዳዬ።

ሽመክት ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ ከሥር የሚመጣውን ሰማ። ጫፉ ድረስ ሄዶ አየ፤ ተመለሰ፤ «ና ግባ፣ ቤትህ ላድርስህ» ብቻ አለው።

ምንዳዬ ግቢው ሲገባ ብርቄ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። አየችው። አልተነሳችም፤ አልጮኸችም። ጆሮዋን ወደ በረሃው እንዳደረገች፣ «ድምጿ አሁንም ይሰማኛል» አለችው። «አንተ እዚህ ነህ። ማነው የሚነዳት?»

ምንዳዬ የክብሪት ቀፎውን እግሯ ሥር አስቀመጠና አጠገቧ ተቀመጠ።

ዛሬም ነፋስ ከዚያ በኩል ሲነፍስ ይሰማል ይላሉ። ቤንዚኗ ካለቀ ግን ቆይቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ማቀጣጠያ ጥፋት የለበትም፤ አይጠፋም ተባለ፣ አልጠፋም። መፍጠንም ነውር አይደለም። ጥፋቱ፣ የሚያስቆመንን ነገር ከመንቀላችን በፊት፣ ቆመን ሳለ ምን እናይ እንደነበር አለመጠየቃችን ነው። ምንዳዬን ያተረፈው አሮጌው ልማዱ ነው። እግሩ ያልለመደ ሰው ቢሆንስ?

እናንተም ነቅለን እንጣለው ያላችሁት መዘግየት ይኖራችኋል። እዚያ ቆማችሁ ቀና ስትሉ የምታዩት ምንድን ነው?