የአንዳርጌ የጂንስ ሽርጥ

ተረት አለኝ። ውሸት ነው የሚል ጆሮውን ይድፈን፤ እውነት ነው የሚል ጠጋ ይበል። እኔ እንደሆንኩ ለሁለቱም እኩል ነው የማወራው።

አስፋልቱ ሊደርስ ነው፣ ሊደርስ ነው እየተባለ በማይደርስባት በአንዲት ትንሽ ከተማ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አንዳርጌ በያጅ ነው። ሳቂታ ነው፣ ታታሪ ነው፤ ምክር ግን በአንዱ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። ትናንት ከብየዳው የተፈናጠረች አንዲት ፍንጣሪ ናይለን ሸሚዙ ላይ አረፈችና ሸሚዙን አቅልጣ ከደረቱ በታች ቆዳው ላይ አጣበቀችበት። ትርንጎ ደርሳ በመዳፏ መትታ አጠፋችው። እሱ ሳቀ።

«ሸሚዙ ነው እኮ የነደደው። እኔ መሰልኩሽ እንዴ?» አላት።

እሷ አልሳቀችም። ከዚያች ሰዓት ወዲህ እህል በጉሮሮዋ አልወርድ ብሏል። ዛሬ ደግሞ የሚበይደው የውኃ ታንከር የሚሰቀልበትን ማማ ነው። ከሥሩ ገብቶ፣ ሽቅብ አንጋጦ ነው የሚበይደው፤ ፍንጣሪው ሁሉ ወርዶ ደረቱ ላይ ይዘንባል። እስካሁን ያቆየው መብራት መጥፋቱ ብቻ ነው። «መብራት የመጣች እንደሆነ በዚያችው ደቂቃ እጀምራለሁ። ስትሄድ በምን ልበይድ?» ብሏል። በዚያች ከተማ መብራት ስትሄድም ስትመጣም ማንንም አታማክርም።

ትርንጎ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ለባሏ ደረት አንድ ሽርጥ፣ መብራት ሳይመጣ። አንዳርጌ በጎረምሳነቱ ይዘንጥባቸው የነበሩ ሁለት ጂንስ ሱሪዎች ሣጥን ውስጥ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ተቀድዷል፣ መቀመጫቸው ሳስቷል፣ እግራቸው ግን ገና ጠንካራ ነው። በፌስታል ጠቀለለቻቸውና ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሮጠች።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ይህን አሁኑኑ ሽርጥ ያድርጉልኝ። ደረትና ሆድ ይሸፍን እንጂ ማማር አያስፈልገውም።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ጂንሱን በጣታቸው አሻሹት። «ደግ አስበሻል ልጄ። ጥጥ ነው። ቢነድም አመድ ይሆናል እንጂ እንደ ናይለን ገላ ላይ አይጣበቅም።» እያወሩ መቀሱን አንስተው ሁለቱን ሱሪዎች ተረተሩ፣ ለኩ፣ ቆረጡ። ደረቱ ወጣ፣ ጭኑ ወጣ፣ ማሰሪያዎቹ ወጡ። ትርንጎ ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች። «ስፌቱን ግን መኪናዋን ጠይቂያት» አሉ።

የእግር መኪናዋ ጥጓ ላይ ቆማለች። ፔዳሏን ከመዘውሯ የሚያገናኘው ጠፍር ጠዋት ተበጥሷል። ብትረግጧት እግሯ ብቻ ይወዛወዛል፣ ራሷ ንቅንቅ አይልም። መኪናዋ ያለ ጠፍር ጂንሱን አልሰፋም አለች፤ ሽርጡ አልደረሰም። መብራቱ ግን ይመጣል፣ ትርንጎም ሮጠች።

ኮርቻ ሰፊው አቶ ሸዋረጋ ሰላምታ እንኳ በቁጠባ የሚሰጡ ሰው ናቸው።

«ጠፍር አለ» አሉ ሳይጠየቁ፤ ሩጫዋን አይተው ነገሩ ገብቷቸዋል። «ግን ከተሰቀለበት ደርቋል። አሁን ባጥፈው እንደ ጭራሮ ነው የሚሰበረው። ሞራ ጠጥቶ ካልለዘበ ወገቡን አያጥፍም።»

«ቅቤ ላምጣ?»

«ቅቤ ለፀጉርሽ ነው። ጠፍር የሚወደው ሞራ ነው።»

«አባባ፣ መብራት ቢመጣ እኮ አንዳርጌ...»

«ጠፍሩ አንዳርጌን አያውቀውም ልጄ።»

ጠፍሩ ያለ ሞራ መኪናዋን አላዞርም አለ፤ መኪናዋ ያለ ጠፍር ጂንሱን አልሰፋም አለች፤ ሽርጡ አልደረሰም። መብራቱ ግን ይመጣል። ትርንጎ በመንገዱ ዳር ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽቅብ እያየች ሮጠች፤ የሚመጣውን ነገር ከሽቦው ላይ የምታየው መስሏት።

ሥጋ ቤቱ በር ላይ ታደገ ዝንብ ያባርራል። አብሮ አደጓ ነውና ሞራ ስትለው አልተግደረደረም።

«ሞራ ሞልቶልሻል! ያውልሽ፣ ከኩላሊቱ ጋር ተሰቅሏል። ችግሩ ይሄ ነው።» ቢላዋውን አነሳና ሞራው ላይ ወዲያና ወዲህ ሳበው። ሞራው ተለጠጠ፣ ተንሸራተተ፣ አልተቆረጠም። «ዶልዱሟል። ጠዋት አንዱን ደንበኛ ‹ግማሽ ኪሎ› ሲለኝ ‹ወይ ሙሉውን ውሰድ ወይ ጥርስህን አውሰኝ› ነው ያልኩት።»

«ታዲያ አትስለውም?»

«በምን ልሳለው? የመንደሩ ሁሉ መሳያ የእማማ ደብሪቱ ድንጋይ አልነበር? ወደ ቤት አስገብተው በራቸውን ዘግተዋል።»

«ከመቼ ወዲህ?»

ታደገ ዝንብ የሌለበት ቦታ ላይ ዝንብ ማባረር ጀመረ። «እ... አህያቸው ከሞተ ወዲህ።»

«ሄደህ ለምን አትለምናቸውም?»

«አንቺ ሂጂ። እኔ ፊት የለኝም። እንዲያው አንቺ ሂጂ።»

ይህን ሲል የሥጋ ቤቱ አምፖል ብልጭ አለች። የትርንጎ ልብ ቀጥ አለ። አምፖሏ ተመልሳ ጠፋች። ልቧ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ቢላዋው ያለ ድንጋይ ሞራውን አልቆርጥም አለ፤ ሞራው ካልተቆረጥኩ ጠፍሩን አላለዝብም አለ፤ ጠፍሩ ያለ ሞራ መኪናዋን አላዞርም አለ፤ መኪናዋ ያለ ጠፍር ጂንሱን አልሰፋም አለች፤ ሽርጡ አልደረሰም። መብራቱ ግን ይኸው፣ መጥቶ አየት አድርጓት ሄደ።

የእማማ ደብሪቱ በር ተዘግቷል። አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ድምፅ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ እማማ፣ ትርንጎ፣ የአንዳርጌ ሚስት። ድንጋዩን ፈልጌ ነበር።»

«ድንጋዩ ሐዘን ላይ ነው።»

«ለማን?»

«ለቦራ።»

ቦራ አህያው ነው። ትርንጎ አሁን ትዝ አላት። ቦራ የሞተ ቀን መንደርተኛው ተሰብስቦ ነበር፤ ለማልቀስ ግን አይደለም፣ ማን ይጎትተው ለመባባል ነው። አንዱ «ድንኳን ይተከልለት ይሆን?» ሲል ሁሉም ሳቀ። እሷም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ስቃለች። የጋሽ ወንዳፍራሽን መኪና ከመናኸሪያ ያመጣ ቦራ ነው። የአቶ ሸዋረጋን ቆዳ፣ የታደገን የሥጋ መክተፊያ ግንዲላ፣ የአንዳርጌን የብየዳ ማሽን ሁሉ የተሸከመ ቦራ ነው። እማማ ደብሪቱ ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ የነበራቸው እሱ ነው። «እግዜር ያጥናዎት» ብሎ ደጃቸውን የረገጠ ሰው ግን አልነበረም፤ ለአህያ ማን ለቅሶ ይደርሳል?

ድንጋዩ ከተዘጋው በር አልወጣም አለ፤ ቢላዋው ያለ ድንጋይ ሞራውን አልቆርጥም አለ፤ ሞራው ካልተቆረጥኩ ጠፍሩን አላለዝብም አለ፤ ጠፍሩ ያለ ሞራ መኪናዋን አላዞርም አለ፤ መኪናዋ ያለ ጠፍር ጂንሱን አልሰፋም አለች፤ ሽርጡ አልደረሰም። ትርንጎ ወደ ኋላዋ ዞራ ሽቦውን አየች። ከዚያ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቀችና በሩን በቀስታ ገፋችው። አልተቆለፈም ነበር።

«እማማ፣ እግዜር ያጥናዎት» አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ለቅሶ ቤት ገብቶ ዕቃ አይጠየቅም። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ለቅሶ ደርሶ ወዲያው መነሳትም ነውር ነው። ትርንጎ ይህን እያወቀች ተቀመጠች። ጆሮዋ ውጪ ነው፣ የብየዳ ጥዝታ የሰማች እየመሰላት ትባንናለች፤ ግን ተቀመጠች። እማማ ደብሪቱ ትክ ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ወገባቸውን ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሙሾ አወረዱ፦

«ሲጭኑህ ጊዜ ሁሉም ወዳጅህ፣
ስትወድቅ ጊዜ ማን መጣ ደጅህ።»

ትርንጎ አለቀሰች። መጀመሪያ ለቦራ፣ ስላፈረች። ከዚያ እንባው በረታባትና ማቆም አቃታት። ትናንት በመዳፏ ያጠፋችው እሳት፣ የተጣበቀው ሸሚዝ፣ የአንዳርጌ ሳቅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። 

እማማ ደብሪቱ ሙሾውን አቆሙ። «አንቺ ልጅ፣ ይኼ እንባ የአህያ አይደለም። የማን ነው?»

«የአንዳርጌ ነው እማማ። አልሞተም፤ ግን ዛሬ ሊቃጠልብኝ ነው።» ነገረቻቸው። የማማውን፣ የፍንጣሪውን፣ የመኪናዋን፣ የጠፍሩን፣ የሞራውን፣ የቢላዋውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው።

«ታዲያ ገና ስትገቢ ለምን አትነግሪኝም?»

«ለቅሶ ቤት ገብቶ ዕቃ ይጠየቃል እንዴ?»

 ለቅሶ ቤት ነው ያለቻቸው። ቤታቸውን ለቅሶ ቤት ብሎ የጠራ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። አሮጊቷ በነጠላቸው ጫፍ መጀመሪያ የእሷን ፊት ጠረጉ፣ ቀጥለው የራሳቸውን።

«ተነሺ!» አሉ። «በይ ተነሺ፣ ድንጋዩን በዚያ በኩል ያዢልኝ!»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ታደገ እማማ ደብሪቱን ሲያይ ቆቡን አወለቀ፣ «እማማ፣ እግዜር ያጥናዎት፤ ዘገየሁ» አለ፤ ድንጋዩም ቢላዋውን ሳለው። ቢላዋው ሞራውን ቆረጠው። አቶ ሸዋረጋ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ለሐዘንተኛዋ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሞራውም ጠፍሩን አለዘበው። ጋሽ ወንዳፍራሽ «ያቺን መኪና እኮ ያመጣልኝ ቦራ ነው» ብለው አንገታቸውን ደፉ፤ ጠፍሩም መኪናዋን አዞራት። መኪናዋም ጂንሱን ሰፋችው፤ ደረቱን ሰፋች፣ የአንገቱን ማንገቻ ሰፋች፣ አንዱን የወገብ ማሰሪያ ሰፋች።

የልብስ ሰፊው ቤት አምፖል በራች። አሁን ብልጭ ብላ አልጠፋችም። ቦግ ብላ ቀረች።

«አንድ ማሰሪያ ቀረኝ!» ብለው ጋሽ ወንዳፍራሽ ሲጮኹ ትርንጎ ሽርጡን ከመርፌው ሥር መንጭቃ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ወጥታለች። መንገዱ ረዘመባት። የዳቦ ቤቱ ሬዲዮ መጮኽ ጀምሯል፣ ወፍጮ ቤቱ መጓራት ጀምሯል። ከማማው በኩል ጥዝዝ የሚል ድምፅ መጣ። አሁን የምር ነው።

«አንዳርጌ!»

ከማማው ሥር ሰማያዊ ብርሃን ቦግ ይላል። ፍንጣሪው መዝነብ ጀምሯል፤ አንዷ ትከሻው ላይ አርፋ ሸሚዙ ይጨሳል፣ እሱ አላወቀም።

«አንዳርጌ! በሞቴ! አቁም!»

ብርሃኑ ጠፋ። አንዳርጌ ጭምብሉን ሽቅብ ገለበጠና ፊቷን አየ። ሊስቅ ነበር፤ ግን ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋበት። እሷ የሚጨሰውን ትከሻውን በመዳፏ አፈነችው፣ ማንገቻውን በአንገቱ አስገባች፣ ጂንሱን ደረቱ ላይ ዘረጋችው። ለማሰር ስትል አንዱ ማሰሪያ የለም። መቀነቷን ከወገቧ ፈታችና በሽርጡ ላይ ዙሪያውን ጠመጠመችለት፣ አጥብቃም ቋጠረችው።

«ይህን ሱሪ አውቀዋለሁ ልበል?» አለ አንዳርጌ ወደ ታች እያየ።

«ዝም ብለህ በይድ» አለችው።

ጭምብሉን መለሰ። ፍንጣሪው ዘነበ። አንዷ ደረቱ ላይ ወደቀች፣ ጂንሱ ላይ ቀላች፣ ጠቆረች፣ ጠፋች። ሁለተኛዋም ወደቀች፣ ጠፋች። ትርንጎ እያንዳንዷን በዓይኗ እየተከተለች ቆመች። እማማ ደብሪቱ እያለከለኩ ደርሰው ከጎኗ ቆሙና እጇን ያዙ።

«ይኸውልሽ፣ ሁሉም ጠፋች» አሏት። «አሁን ተንፍሺ ልጄ።»

ትርንጎ ከትናንት ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

ተረቴን እዚህ ላይ ቋጠርኩ፤ ክሩ የላላበት ሰው ራሱ ይስፋው።