ጀርባውን የሰጠው ድኩላ

ስለ እናንተ የሚወራውን መጨረሻ ላይ የምትሰሙት እናንተ ከሆናችሁ፣ ቀድሞ የሚሰማው ማን ይመስላችኋል?

አንድ ጊዜ እናቷ የሞተችባት ልጃገረድ ሚዳቋ ከደጋ ወርዳ በአንድ ወንዝ ዳር መኖር ጀመረች። የወንዙ ዳር እንስሳት አንድ ወግ ነበራቸው። ብቻውን ውኃ የሚጠጣ የለም፤ አንዱ ሲጠጣ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶት ጫካውን ይጠብቃል፤ አጎንብሶ የሚጠጣ ጅብን አያይምና። ይህን ለሚዳቋ የነገራት አልነበረም። ሁሉም የምታውቅ መስሏቸው ነበር።

ቀንዱ ገና ብቅ ያለ አንድ ድኩላ ሦስት ቀን ሙሉ እሷ ስትጠጣ ጀርባውን ሰጥቷት አጠገቧ ቆመ። አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሚዳቋ ግን ቅጠል መቀንጠብ አቃታት። የሆዷን ለወዳጇ ለቀበሮ አጫወተቻት፣ ለማንም እንዳትናገር አስምላ።

ቀበሮ የምትኖረው ከጅብ በተረፈ አጥንት ነው። ጥንድ ሆነው ከሚጠጡ እንስሳት ደግሞ አጥንት አይገኝም። ስለዚህ እንደማትናገር ማለችና በቀጥታ ወደ ጦጣዎች ሄደች። ሚዳቋ ድኩላን ካላገባሁ ብላ ምግብ መተዋን ነገረቻቸው። ጦጣዎቹ ለጅግራ፣ ጅግራ ለከርከሮ አሳለፉት። በማግሥቱ ሚዳቋ ባለፈችበት ሁሉ ሳቅ ተከተላት።

እያለቀሰች ወደ ቀበሮ መጣች። ድኩላም ሰምቶ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ሰምቷል እንጂ! ድሮውንም ስትጠጪ ጀርባውን የሚሰጥሽ ለምን ይመስልሻል፣ አንቺዬ? ፊትሽን ላለማየት እኮ ነው።»

ሚዳቋ አሰበች። እውነትም አንድ ቀን ፊቱን አዙሮላት አያውቅም። ሄዳ እንዳትጠይቀው አፈረች።

«አይዞሽ» አለች ቀበሮ። «ሁሉም ወደየማደሪያው ሲገባ ብቻሽን ወርደሽ ጠጪ።»

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሚዳቋ ብቻዋን ወረደች። ወፎቹ ዝም ብለዋል። አንድ ጊዜ እንደ ተጎነጨች ጭራሮ ተሰበረ። ቀና አለች፤ ምንም የለም። እንደ ገና አጎነበሰች። የሚከረፋ ትንፋሽ አንገቷን ነካት።

ጅብ ሆዳም ብቻ ሳይሆን ቂልም ነውና ከመንከሱ በፊት ጠየቀ።

«ድኩላ የጠላሽ አንቺ ነሽ? ብቻዋን ትመጣለች ብላ ቀበሮ ነግራኝ ነበር። ሌላዋን በልቼ እንዳልሳሳት ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ከአፋፉ ድኩላው ጮኸ። ብቻዋን መውረዷን አይቶ፣ እንደ ወጉ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ጫካውን ሲጠብቅላት ነበር፤ ጅቡ ግን በወንዙ በኩል መጥቷል። ጣት በማታህል ቀንዱ ተወርውሮ መሃል ገባ።

«ሩጪ» አላት።

ሮጠች። እሱ አልተከተላትም።

ጠዋት ወንዙ ዳር ሁለት ትንንሽ ቀንዶች ተገኙ። ጀርባ የሚሰጠው ለሚጠበቅ መሆኑን አንዲት አሮጊት ጦጣ ያን ጊዜ ነገረቻት። ወዲያው ቀበሮ እንደ በደለኛ ወግ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ፣ ወሬውን ያዛመቱትን ሁሉ አስከትላ መጣች። ከንፈሯ ላይ የድኩላው ቀይ ጠጉር ተጣብቋል።

«ጨዋታ ነበር እኮ፣ እህቴ፤ ማሪኝ።»

የቀሩትም የሰማነውን ነው ያልነው አሉ፤ ይማርሽ በያትም ብለው ለመኗት።

ሚዳቋ ቀንዶቹን እያየች መለሰች። «ድንጋይሽን ይዘሽ ሂጂ። አንቺንም፣ እነሱንም፣ ሄጄ ሳልጠይቀው የቀረሁትን እኔንም አልምርም።»

ከዚህ የምንማረው፣ የልብን ጉዳይ ከወሬ አቀባይ ሳይሆን ከባለቤቱ አፍ መስማት እንዳለብን ነው፤ የመጠየቅ እፍረት በአንድ ቀን ሲያልፍ፣ ሳይጠይቁ ላመኑት ወሬ ግን ይቅርታ የለምና።