መሀል ላይ የተሰካው ግራዋ

በዚያ ዱር ሥርዓት አለ። አያ አንበሶ ይፈርዳል፤ ሌላው እጅ ይነሳል፤ ከመንጋው አንዱ የጎደለ ቀን ማንም ማንንም አይጠይቅም።

እመት አህያ ይህን ሥርዓት ለምዳዋለች። ባለፈው በጋ የበኩር ልጇ ውሃ ሊጠጣ ወርዶ ሲቀር፣ ከኩሬው ዳር የጅብ ዱካ ብቻ ተገኘ። አቤት አላለችም፤ አቤት የሚባለው ለማን ነው? አሁን የቀረቻት አንዲት ውርንጭላ ናት።

ዘንድሮ አያ አንበሶ ስሞታ መስማት ሰለቸውና የኩሬውን ጠባቂ ራሳችሁ ምረጡ አለ። ዕጩዎቹ ጎሽ፣ ድኩላና አያ ጅቦ ነበሩ። ብልሃቱን ያመጣችው ኤሊ ናት። እያንዳንዱ እንስሳ ሦስት ቅጠል በአንድ ስንደዶ ላይ ይሰካል፤ የሚወደውን ከላይ፣ ቀጥሎ የሚሻለውን ከመሀል፣ የሚጠላውን ከታች። ለጎሽ ወይራ፣ ለድኩላ ዋንዛ፣ ለጅብ ግራዋ። ከላይ ከተሰኩት ከግማሽ በላይ ያገኘ ይሾማል። እንዲህ ያለ ከጠፋ፣ ያነሰው ዕጩ ይወድቅና ቅጠሉ ተነቅሎ ከሥሩ ያለው ይቆጠራል። የማንም ድምፅ በከንቱ አይቀርም አለች ኤሊ። እውነቷን ነበር።

በዋዜማው አያ ጅቦ እመት አህያ ከምትግጥበት መጥቶ፣ ፈንጠር ብሎ ቆመና አንገቱን ደፋ።

«ድኩላን እንደምትወጂ አውቃለሁ፤ ቅድሚያውን አልለምንሽም። ብቻ መጨረሻ አታድርጊኝ። በአደባባይ፣ በልጆቼ ፊት አታዋርጂኝ። መሀል ብታደርጊኝ ምን ይጎድልብሻል?»

የልጇ ነገር አንጀቷን ቢበላትም፣ መሀል ማድረግ መምረጥ አይደለም ብላ አሰበች። ደግሞ ነገ ዓይን ለዓይን መተያየት አለ። በማግሥቱ ዋንዛውን ከላይ፣ ግራዋውን ከመሀል ሰካች። ስንደዶዋን ስትተክል አያ ጅቦ ከዳር ሆኖ ራሱን ነቀነቀላት። ዝም ማለት ነውር መስሏት እሷም ነቀነቀች።

ኤሊ ቀስ ብላ ቆጠረች። ጎሽ መራ፤ ግን ከግማሽ አላለፈም። ጅቦች አንድ ሳይቀሩ ለራሳቸው ሰው ሰክተው ስለነበር አያ ጅቦ ተከተለ። ድኩላ በጥቂት አንሶ ወደቀ። የወዳጆቹ ዋንዛ ሲነቀል ከሥሩ ግራዋ፣ አሁንም ግራዋ፣ አሁንም ግራዋ ወጣና አያ ጅቦ ከግማሽ አለፈ። ከድኩላ ወዳጆች ግራዋን ከታች የሰካችው ጥንቸል ብቻ ሆና ተገኘች። ሚዳቋ ከርከሮን አየች፤ ከርከሮ መሬት መሬት አየ። እመት አህያ ይሉኝታ የያዘው እሷን ብቻ መስሏት ነበር።

አያ አንበሶ አዛጋና፣ የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ ከእንግዲህ ስሞታ አልሰማም ብሎ ገባ።

በነጋታው ውርንጭላዋን አስከትላ ወደ ኩሬው ወረደች፤ ሌላ ውሃ የለም። አዲሱ ጠባቂ ዳር ላይ ተጋድሞ ነበር።

«ውለታሽን አልረሳሁም» አላት በትሕትና። «ጥንቸል መጨረሻ አድርጋኛለች፤ የእሷ ልጆች ይቀድማሉ። ያንቺ ልጅ ሁለተኛ ናት።»

መጮህ አማራት፤ ደክሟታል። ከወዲያ ማዶ ጎረቤቶቿ ሁሉ ውሃቸውን እየጠጡ ያዩአታል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።