ሳሉና የዋሻው ትምህርት ቤት

አንድ ጊዜ፣ ጅብና አህያ በአንድ ሸለቆ ጎረቤት ሆነው ሳለ፣ ሳል መጣ። ሳል ማለት ከደረት የሚነሳ፣ በጉሮሮ የሚያልፍና ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ወደ ጎረቤት የሚሄድ ነፋስ ነው። በደጉ ጊዜ ማንም ልብ አይለውም። ያ ጊዜ ግን ደግ አልነበረም። ሳሉ ከወንዙ ማዶ ተሻግሮ አሮጊቷን ፍየል ገደለ፤ ሁለት ጎረምሳ ጎሾችንም አልጋ ላይ ጣለ። ጎሽ የሚጥል ሳል ደግሞ ቀላል ሳል አይደለም። ስለዚህ ንጉሡ አንበሳ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ብሎ አዘዘ።

ትምህርት ቤቱ ከገደሉ ሥር ያለ ጥልቅ ዋሻ ነበር። አስተማሪው ጺማቸው የነጣ ሽማግሌ ዝንጀሮ ነበሩ፤ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ፊደሉን በግድግዳው ላይ በከሰል ጽፈው፣ በረጅም ዘንግ እየጠቆሙ ያስተምራሉ። እሳቸው ፊደሉን ይጠራሉ፤ ልጆቹ ተቀብለው በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ጩኸቱ እስከ ወንዙ ከተሰማ ትምህርቱ ገብቷል ማለት ነው፤ ካልተሰማ ይደገማል። ወላጆችም በየሥራቸው ላይ ሆነው ያንን ጩኸት ሲሰሙ ልጆቻቸው እየተማሩ መሆናቸውን አውቀው ይረኩ ነበር።

ዋሻው ሲዘጋ ከሁሉ ይበልጥ የተቸገረችው እመት አህያ ናት። የሸለቆውን እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ የምታመላልሰው እሷ በመሆኗ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጀርባዋ ጭነት አያጣም። ልጇ ዳልቻ፣ ጆሮው ከገላው ቀድሞ ያደገ ውርንጭላ፣ ቀድሞ በዚያ ሰዓት ዋሻው ውስጥ ነበር። አሁን ሜዳ ላይ ብቻውን ይውላል። «ብቻውን» የሚለው ቃል ግን ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም።

«ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?» አለችው አንድ ቀን ጭነቷን አራግፋ።

«ከአያ ጅቦ ጋር ስናወራ።»

«ከማን ጋር?»

«ከአያ ጅቦ ጋር። በየቀኑ እኮ ነው የሚመጣው። እናትህ መቼ ትመለሳለች ይለኛል። ዛሬ ደግሞ ወፍረሃል ወይ ብሎ ጎኔን ዳሰሰኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ገና ነኝ አልኩት።»

«ጎበዝ» አለች እመት አህያ፣ ልጇን ወደ ጎኗ አስጠግታ። «ነገም ቢጠይቅህ ገና ነህ።»

ያን ቀን እራቷን በቅጡ አልበላችም። ዳልቻ ባለፈው ክረምት ደረቱን ታሞ ለጥቂት ነው የተረፈው። ዋሻው ከተከፈተ ሳሉ አለ፤ ካልተከፈተ ጅቡ አለ። ሁለቱም ልጇን ይፈልጉታል። ልዩነታቸው ጅቡ ሰላምታ መስጠቱ ብቻ ነው።

በማግስቱ አንበሳ ወላጆችን ሁሉ ወደ ወንዙ ዳር ጠርቶ፣ ትምህርት ቤቱ ይከፈት ወይስ እንደተዘጋ ይቆይ ሲል ጠየቀ። ከሁሉ ቀድሞ የተነሳው ጅብ ነበር።

«ወገኖቼ!» አለ ጅብ። «የልጆች ጤና ይቀድማል! ትምህርት የትም አይሄድም። ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ታጭቀው ሲተነፋፈሱ ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም። ይልቅ በየሜዳው ይበተኑ። ራቅ ራቅ ብለው፣ አንድ አንዳቸው ለየብቻ። በተለይ ወፈር ያሉት፣ እነሱ ይደክማቸዋል፣ እነሱ ከሌሎቹ ይበልጥ ይራቁ።» ይህን ተናግሮ ምራቁን ዋጠ።

አንዳንዶች አጨበጨቡ። እመት አህያ ግን ሁለት ጆሮዎቿን ወደ ጅቡ አዙራ በጥሞና አየችው። በዕድሜዋ ጅብ ለሌላው ጤና ሲጨነቅ አይታ አታውቅም። ነገሩ ከማስፈራቱ ይልቅ አስገረማት።

ቀጥላ የንጉሡ አማካሪ ቀበሮ ተነሳች። «አያ ጅቦ ልባቸው ርኅሩኅ ነው» አለች። «እኔ ግን ይከፈት እላለሁ፤ በጥንቃቄ ይከፈት። ጠዋት ጠዋት እኔ ራሴ በር ላይ እቆምና የእያንዳንዱን ልጅ ጉሮሮ እመረምራለሁ።»

«የኔን ልጆች ጉሮሮ ማንም አይመረምርም!» አለች ዶሮ ከኋላ።

«ዝም በይ አንቺ ጅራታም!» ብሎ ጅብ ቀበሮ ላይ ጮኸ። «ስለ ጤና ምን ታውቂያለሽ? ጅራትሽን አበጥሪ!»

ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። ቀበሮም ፈገግ አለች። ቀበሮ ተሰድባ ፈገግ ካለች ጉዳዩ አላለቀም ማለት ነው።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች እመት አህያ።

«ጠይቂ» አለ አንበሳ።

«ይሄ ሳል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው በእግር ነው ወይስ በአፍ?»

«አህያ መጠየቅ ጀመረች!» አለ ከርከሮ። «በቃ፣ ዓለም ልታልፍ ነው!»

እንደገና ተሳቀ። አንበሳ መዳፉን አነሳና ውሳኔውን ተናገረ። ትምህርት ቤቱ ይከፈታል፤ በር ላይ የሚቆም መርማሪ አይኖርም፤ ነገር ግን በሁለት ልጆች መካከል አንድ በሬ ተጋድሞ የሚሞላው ክፍተት ይኖራል። ሁሉም ይህን ትልቅ ጥበብ ነው አለ። የእመት አህያ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ጉባኤው ተበተነ፤ ይህ በጉባኤ የተለመደ ነው።

ወደ ቤቷ ስትመለስ የኔታን ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«የኔታ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለቻቸው።

«ማን ጠየቀኝ?»

«እኔ እየጠየቅኩዎት ነው።»

የኔታ ዘንጋቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። «እፈራለሁ፣ ልጄ። ያቺ የሞተችው ፍየል እኩያዬ ነበረች። ግን ልጆቹ ፊደሉን ሊረሱት ነው ብዬ ስለማስብ ደግሞ ቤቴ መቀመጥም አልቻልኩም።»

«እኔም እንደዚሁ ነኝ» አለች እመት አህያ፤ መንገዷንም ቀጠለች።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ቀን ጠዋት በሬ ሊለካ መጣ። አንድ ልጅ ይቀመጣል፤ በሬው ከጎኑ ይጋደማል፤ ከበሬው ወዲያ ሌላው ልጅ ይቀመጣል፤ በሬውም ተነስቶ እንደገና ይጋደማል። የመጨረሻው ልጅ በዋሻው ጨለማ ጥግ ውስጥ ሲቀመጥ በሬው እዚያው እንቅልፍ ወሰደው፤ የሚያነሳውም አልተገኘ። እመት አህያ ጭነቷን ዋሻው አፍ ላይ አራግፋ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገባች። ልጇን አስገብታዋለች፤ ትታው መሄድ ግን አልሆነላትም። ልጆቹ እንዴት እንደሚማሩ አይታ አታውቅም፤ እንደ ሌሎቹ ወላጆች ከሩቅ መስማት ብቻ ነበር የምታውቀው።

የኔታ ዘንጋቸውን አንስተው «ሀ!» አሉ።

«ሀ» አሉ ልጆቹ፣ እዚህም እዚያም።

«አይሰማም! እናንተ ከጥግ ያላችሁ፣ አፋችሁን ምን ያዘው? ጮክ በሉ! ሀ!»

«ሀ!»

«አሁንም አይሰማም! እስከ ወንዙ ይሰማ!»

ልጆቹ ቀድሞ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ይጮኹ ነበርና አንዱ የሌላውን ድምፅ ይዞ ይነሳ ነበር። አሁን በመካከላቸው የበሬ ርዝመት ስላለ፣ እያንዳንዱ የጎደለውን ለመሙላት አንገቱን ወጥሮ፣ አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ጮኸ። በዋሻው ጣሪያ ላይ አንዲት ስንጥቅ ነበረች፤ የጠዋት ፀሐይ በእሷ ገብታ እንደ ተዘረጋ ነጠላ መሐል ለመሐል ወርዳለች። እመት አህያ ያየችው በዚያ ብርሃን ውስጥ ነው። ልጆቹ በጮኹ ቁጥር ከአፋቸው ደቃቅ ጭጋግ ይወጣል፤ ጭጋጉ በሬው የለካውን ክፍተት ቀስ ብሎ ያቋርጣል፤ ነፋስ ስለሌለም አይበተንም፤ ሌላው ልጅ ደግሞ ለመጮኽ አየር ሲስብ አብሮ ይስበዋል። ከመካከላቸው አንዱን የፍየል ግልገል ሳል ያዘው። ሳለና አፉን ጠርጎ መጮኹን ቀጠለ። ከእሱ ቀጥሎ፣ ብርሃኑ የሚያልፍበት ላይ፣ ዳልቻ ተቀምጧል።

እመት አህያ አላሰበችበትም። አናፋች። ዋሻ ውስጥ የሚያናፋ አህያ ምን እንደሚመስል የሰማ ያውቀዋል። ተማሪዎቹ ጸጥ አሉ፤ በሬውም ነቃ።

«እማዬ! አታሳፍሪኝ!» አለ ዳልቻ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ» አለች። «እባክዎ ብርሃኑን ይዩት። አንድ ጊዜ ብቻ ያስጩኋቸውና ይዩት።»

የኔታ ብርሃኑን አዩ። «ሂ» አሉ ዝግ ብለው። ልጆቹ «ሂ!» ብለው ጮኹ። የኔታ ጭጋጉ ሲንሳፈፍ ዓይናቸው ተከተለው፤ ወደ እሳቸው ሲጠጋ ጺማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ያራራቅነው እግራቸውን ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ሳይጮኹስ እንዴት ይማራሉ?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔም እንጃ» አሉ የኔታ። በዚያ ሸለቆ አስተማሪ ይህን ቃል ሲናገር ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ ልጆቹም በጣም ወደዱት።

ያኔውኑ ሁሉም ተነስተው ወጡ። ከዋሻው በላይ ነፋስ የማያጣው ተዳፋት ላይ፣ እያንዳንዱ ልጅ በየራሱ ድንጋይ አጠገብ ተቀመጠ። ጩኸት ተከለከለ። የኔታ ከልጅ ወደ ልጅ እየሄዱ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ቆመው፣ ፊደሉን አፈር ላይ በዘንጋቸው ይጽፉና የልጁን ሹክሹክታ ያዳምጣሉ። ጉልበታቸውን አመማቸው፤ ስለዚህም ማጉረምረማቸው አልቀረም። ትልቁ ጉድ የወጣው ግን ያን ጊዜ ነው።

«ይህ ማን ነው?» አሉት ዳልቻን፣ «ለ»ን ጽፈው።

ዳልቻ ፊደሉን አየ። ሰማዩን አየ። ከድንጋዩ ማዶ የቆመችውን እናቱን አየ።

«ሁላችንም ስንለው እኮ አውቀዋለሁ» አለ።

«አሁን ብቻህን ነህ።»

«ብቻዬን... አፌን ነበር የምከፍተው፣ የኔታ።»

አፉን ይከፍት የነበረው ደግሞ እሱ ብቻ አልነበረም። ከክፍሉ ገሚሱ እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። ፊደሉን አንድ በአንድ ጠንቅቃ የምታውቀው የኤሊ ልጅ ነበረች፤ እሷም አትጮኽም ተብላ ሁልጊዜ ስትቀጣ የኖረች ናት። የኔታ ይህን ሲሰሙ የጻፉትን «ለ» በእግራቸው አጠፉ። ከዚያ እንደገና ከ«ሀ» ጀመሩ።

ወላጆች ተቆጡ። «ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም?» አለ ከርከሮ። «እዚህ ወንዝ ዳር አንድም ነገር አይሰማም!» የኔታም ልጁን ጠርተው አፈር ላይ አጻፉለት። ከርከሮ ፊደል ስለማያውቅ ትክክል ነው ብሎ ሄደ። የፍየል ግልገሉ ታመመ፤ እናቱ ቤት አስቀርታ አስታመመችውና ዳነ። ዳልቻ አልሳለም። እመት አህያ ግን ብዙ ቀን ጭነት ተሸክማ ስትሄድ አንድ ጆሮዋን ወደ ተዳፋቱ አዙራ ነበር።

ባዶ የቀረው ዋሻ ሥራ አላጣም። ሳሉ ገና ያልለቀቃቸውን ሁለቱን ጎሾች ከሌላው እንዲለዩ አንበሳ እዚያ አስገባቸው።

ይህን ያልሰማው ጅብ ብቻ ነበር። ሜዳው ላይ ውርንጭላም ግልገልም ቢፈልግ አጣ። ሆዱ ሲጮኽበት ቀበሮን ሄዶ ለመናት።

«እመት ቀበሮ፣ እነዚያ ልጆች የት ገቡ?»

«ዋሻ ነዋ። ትምህርት ቤት ሌላ የት ይሆናል?»

«ድምፃቸው አይሰማም እኮ!»

«በጥንቃቄ ስለሚማሩ ነው። አያ ጅቦ፣ እርስዎ ምን ቸገረዎት? ጎህ ሳይቀድ ይግቡና ከውስጠኛው ጥግ ይተኙ። ሲመጡ ይጠብቋቸው።»

«አንቺ ደግ ነሽ!» አለ ጅብ።

«ጅራቴ ነው እንጂ የከፋው» አለች ቀበሮ።

ጅብ በነጋታው ጎህ ሳይቀድ በጨለማው ዋሻ ገባ፤ ግድግዳውን እየታከከ ሄዶ ከውስጠኛው ጥግ ተኛ። ፀሐይ በስንጥቋ ስትገባ በእሱና በበሩ መካከል ሁለት ጎሾች ተጋድመው አየ። ጎሽ እንኳን ጤነኛው፣ በሽተኛውም ቀንድ አለው። ስለዚህ ጅቡ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ጎሾቹ ተነስተው ውሃ እስኪወርዱ ጠበቀ። እነሱም ቀኑን ሙሉ ተኝተው ወደ እሱ ፊታቸውን አዙረው ሲስሉ ዋሉ።

ጅብ በሽታውን ታሞ ዳነ፤ ሳሉ ግን አለቀቀውም። ከዚያ በኋላ ሳር ለሳር እየተሳበ ወደ አንዱ ውርንጭላ በተጠጋ ቁጥር ጉሮሮው እየበላው ይስል ጀመር። ዳልቻም ከሚያነበው ቀና ብሎ «ይማርህ፣ አያ ጅቦ!» ይልና ተነስቶ ወደ እናቱ ይሄዳል።

ከዚህ የምንማረው ትምህርት ቤት ይከፈት ወይስ ይዘጋ ብሎ ከመከራከር በፊት ልጆቹ እንዴት እንደሚማሩ ገብቶ ማየት እንደሚገባ ነው፤ ጅቡም ገብቶ አይቷል፣ እስከ ዛሬ ይስላል።